ከመተማ ማዶም መስከረም አለ

ስለ ኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው አንድ አባባል ነው፤ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፣ በዓለም ላይ ተጋሪ የለውም ይባላል። በአዲስ ዓመት ዋዜማ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይደገማል፤ ለጎብኚ በሚታተም ወረቀት ላይ ከ13ቱ ወራት ጋር ይወጣል፤ ልጆችም ሸምድደውት ያድጋሉ። ይህን ተከትሎ ሌላ እምነት ይመጣል። መስከረም፣ ክረምት፣ መስቀል፣ ጥምቀት የሚሉት ስሞች ቁም ነገር የሚኖራቸው እስከ መተማ ድረስ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ላይ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ወቅትና ሌላ በዓል ይጀምራል የሚል። በሱዳን፣ በገዳሪፍ ወይም በከሰላ የሚኖር ሐበሻ እንቁጣጣሽን ሲያከብር ታዲያ ምድሩ የማያውቀውን ነገር በሰው አገር እያደረገ ናፍቆቱን የሚያስታምም ተደርጎ ይታያል።

ሁለቱም አባባሎች ስህተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከስህተትም አልፎ ይጎዳል።

የአባባሉ ባለቤቶች ክርክር ባዶ ስላልሆነ በአግባቡ ሊቀርብ ይገባዋል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1875 ለመንግሥት ሥራ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ተቀብላለች። ሱዳንም በእንግሊዝና በግብፅ ጥምር አገዛዝ ጊዜ የለመደችው ይኸው አቆጣጠር እስከ ዛሬ ቢሮዋን ይመራል። በኢትዮጵያ ግን የልደት ምስክር ወረቀቱም የፍርድ ቤት ቀጠሮውም በአገሩ ወር ይጻፋል፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የራሱን ጥንታዊ አቆጣጠር የመንግሥት አቆጣጠር አድርጎ ያቆየ አገር በአካባቢው ሌላ የለም። ስሞቹም የራስ ናቸው። ግብፆች ወሮቻቸውን በአማልክቶቻቸው ስም ጠርተዋል፤ ቱት ከቶት፣ ሃቱር ከሃቶር የመጡ ናቸው። ሮማውያን ሁለት ወሮቻቸውን ለዩልየስና ለአውግስጦስ ሰጥተዋል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ባሉት 12 ስሞች ውስጥ ግን ጣዖትም ቄሣርም የለም። ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ ድንበሩን የሚሻገር ሰው ከሚያገኛቸው ጎረቤቶች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ ረመዳንና ሸዋል የሚከተሉት ጨረቃን ነው። አየሩም አይመሳሰልም። የጎንደር ደጋ በነሐሴ ጭጋግ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ የከሰላ ሜዳ ሙቀቱ አይቻልም።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ውስጥ ሐሰት የለም። ስህተቱ ከእነርሱ በሚወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው።

የቀመሩ ነገር ይቅደም። መስከረም 1 እና የግብፅ ቅብጦች ቱት 1 አንድ ቀን ናቸው። መስቀል የሚውልበት መስከረም 17 በእነርሱ ቱት 17 ነው፤ ገና ታኅሣሥ 29 ሲሆን ኪያህክ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ሲሆን ጡባ 11 ነው። 30 ቀን ያላቸው 12 ወራት፣ በመጨረሻም አምስት ቀን የምትይዝ፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት የምትሆን ትንሽ ወር፤ እዚያም እዚህም ያው ነው። ከሌላ ሕዝብ ጋር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አንዲት ቀን ሳይዛነፍ የሚገጥም አቆጣጠር እንዴት ሆኖ ተጋሪ የለውም ይባላል? ርቆ መሄድም አያስፈልግም። ከከሰላ ጥቂት ወጣ ሲሉ ያለችው ኤርትራ ቤተ ክርስቲያኗ በዓላቷን የምታወጣው በዚሁ ቀመር ነው፤ የወሮቿ ስምም መስከረም፣ ጥቅምቲ፣ ሕዳር እያለ ይሄዳል። ከሰላ ገበያ ውስጥ የኤርትራ ሰውና የጎንደር ሰው በአንድ ሱቅ ቆመው የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ወይም የማርያምን ቀን ሲጠያየቁ የሚያስተረጉማቸው አይፈልጉም።

የሚለያየው የዓመቱ ቁጥር ነው። ቅብጦች ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 (እ.ኤ.አ.) ተነስተው ዓመተ ሰማዕታት ይላሉ፤ ኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ትላለች። ብዙዎች ኢትዮጵያ ከዓለም ወደ ኋላ የቀረችባቸው አድርገው የሚያዩዋቸው፣ ሌሎች ደግሞ የብቸኝነት ማረጋገጫ የሚያደርጓቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመታትም ቢሆኑ የተፈጠሩት በአክሱም ወይም በላሊበላ አይደለም። አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኩሴ በ5ኛው መቶ ዓመት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ያለውን ዘመን 5500 አድርጎ ሲያሰላ በአንድ መንገድ ሄደ፤ በ6ኛው መቶ ዓመት ሮም የነበረው ዲዮናስዮስ በሌላ መንገድ ሄደ። ልዩነቱ የእስክንድርያና የሮም ሊቃውንት ልዩነት ነው። ኢትዮጵያ የእስክንድርያውን ስሌት ይዛ ጸንታለች። ይህ ክብር ነው፤ ብቸኝነት ግን አይደለም።

የቀመሩ መጻሕፍት ደግሞ ክርክሩን የበለጠ ያጠብቁታል። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ የሚጠራው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም ነው። ሊቃውንቱ አቡሻክር የሚሉት ታላቁ የዘመን መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ አቡ ሻኪር ኢብን አል ራሂብ በዓረብኛ ጽፎት ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ጳጉሜን ከግሪክኛ፣ «የተጨመረ» ከሚለው ቃል የመጣች ናት፤ አበቅቴም ግሪክኛ ነው። ኮከብ የሚቆጥር ደብተራ ደግሞ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ እያለ ሲወርድ የገዳሪፍ ተማሪ አጠገቡ ቢቀመጥ አንዱንም ሳያስተረጉም ይረዳዋል፤ የዓረብኛ ስሞች ናቸውና። የሳምንቱ ቀናትም ቢሆኑ ሰኑይ፣ ሠሉስ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ተብለው የሚቆጠሩት የዓረብኛው በሚቆጠርበት መንገድ ነው። ዓርብን ዓረቦች ዛሬ ጁምዓ ይሉታል፤ ከእስልምና በፊት ግን ዐሩባ ይሉት ነበር። የአገር ልጅ የራሱ ብቻ አድርጎ የሚያየው ሳምንት በቀይ ባሕር ማዶና በዓባይ ዳር ወንድሞች አሉት።

ሱዳን ለዚህ ቀመር እንግዳ ናት የሚለው ነጥብ ደግሞ የአንድ ሺህ ዓመት ያህል ታሪክ ይሰርዛል። የኖባ ነገሥታት በ6ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ በዶንጎላ ማኩርያ፣ ዛሬ ካርቱም ካለችበት አጠገብ በሶባ ደግሞ አልዋ እየገዙ ሲኖሩ የሞተ ሰው ስም የሚጻፍበት ድንጋይ ቀኑን የሚይዘው በእነ ቱትና በእነ ጡባ፣ በዓመተ ሰማዕታት ነበር። አልዋ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ገደማ ቆይታለች። ይህ ማለት ከአክሱም ነገሥታት ጀምሮ እስከ ሰሎሞናውያኑ ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ዘመን በሚለውጥበት ማለዳ የምዕራቡ ጎረቤቱም ዘመን ይለውጥ ነበር ማለት ነው። ዓመቱን ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ቀን ለዘመናት የጀመረ ምድር በምን ሒሳብ መስከረምን የማያውቅ ምድር ይሆናል?

ነገሥታቱ ጠፉ፤ ወሮቹ ግን አልጠፉም። በሰሜን ሱዳን የዓባይ ዳር ገበሬ ከሰለመ ስንት ትውልድ አልፎት ስንዴውንና ባቄላውን የሚዘራበትን፣ ቴምሩን የሚያወርድበትን ጊዜ በቅብጥ ወሮች መቁጠሩን አልተወም። ጡባ ሲገባ ብርዱን፣ አምሺር ሲገባ ነፋሱን ይናገራል፤ ጡባ ጥር ነው፣ አምሺር የካቲት። ይህ ልማድ ከሰላ አካባቢ ድረስ መጥቷል። የአስዋን ግድብ ውኃ ዋዲ ሐልፋን ሲውጣት ወደ 50,000 የሚጠጉ የሱዳን ኖባውያን ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ኸሽም አል ጊርባ ተዛውረው አዲስ ሐልፋ በተባለው ሰፈራ ተተከሉ። እርሻቸውን የሚያጠጣው አትባራ ነው፤ አትባራ ደግሞ መነሻው ጎንደር ነው። ከጎንደር በወረደ ውኃ የሚያርስ ሙስሊም ገበሬ በከሰላ ክፍለ ሀገር ተቀምጦ ኪያህክና ጡባ ሲል፣ ከውኃው መነሻ ያለው ክርስቲያን ገበሬ ታኅሣሥና ጥር ይላል። ቀኑ አንድ ነው።

የክርክሩ ትልቁ ማስረጃ ያለውም እዚሁ ውኃው ላይ ነው። አቆጣጠሩ ከእስክንድርያ መጣ ብሎ ማቆም ግማሽ እውነት ነው፤ እስክንድርያ ራሷ የምትቆጥረው ምን ነበር? የጥንቱ የግብፅ ዓመት በሦስት ወቅት የተከፈለ ሲሆን መጀመሪያው የሙላት ወቅት ነበር፤ አዲስ ዓመታቸው ዓባይ ከሚሞላበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ዓባይን የሚሞላው ግን የግብፅ ዝናብ አይደለም፤ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎና የትግራይ ክረምት ነው። ግብፃዊው ሊቅ ዓመቱን ሲያስጀምር ሳያያቸው የቆጠራቸው የኢትዮጵያን ደመናዎች ነበር።

ይህን በአንድ በዓል ላይ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። ሰኔ 12 በኢትዮጵያ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ ክረምት ደጃፍ ላይ ሲደርስ በብዙ ደብር ታቦት ይወጣል። በግብፅም ባኡና 12፣ በዚያው ቀን፣ ቅብጦች ሚካኤልን ያከብራሉ፤ በዚያ ቀን መልአኩ ዓባይ እንዲሞላ ይለምናል ብለው ያምናሉ። የዋዜማዋ ሌሊት «ለይለተ ኑቅጣ»፣ የጠብታዋ ሌሊት ትባል ነበር፤ ከሰማይ የምትወድቅ አንዲት ጠብታ ወንዙን ታስነሳዋለች ይባላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ካይሮ የኖረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን እንደ መዘገበው፣ ሰዎች በዚያች ሌሊት ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንዳንድ ድብልብል ሊጥ ሰገነት ላይ ያኖሩ ነበር። ሲነጋ ሊጡ ተሰንጥቆ ከተገኘ ባለቤቱ ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ይህን የሚያደርገው ክርስቲያኑ ብቻ አልነበረም። የካይሮ ሰው ጠብታዋ የምትወድቅበትን ቦታ አያውቀውም፤ የሰከላና የቋራ ገበሬ ግን ያውቀዋል፤ በእርሻው ላይ ነው የምትወድቀው።

ጠብታዋ ከደጋ ወደ ግብፅ ስትወርድ በየት ታልፋለች? አንዱ መንገዷ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በጁን ወር አትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኗል፤ አዞው፣ ጉማሬውና ዓሣው በየቀረው ኩሬ ተጨናንቀዋል፤ ሰማዩም ደመና አልነበረውም። ከዚያ አንድ ሌሊት የሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰዎቹ ነቅተው ወንዙ መጣ እያሉ እየጮኹ ከአሸዋው ወጡ። ሲነጋ ትናንት ደረቅ አሸዋ በነበረበት ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስፋት ያለው ደፍራሽ ወንዝ ይፈስ ነበር። በቦታው አንዲት ጠብታ ሳትጥል ወንዝ የተወለደው ጓንግ፣ አንገረብና ተከዜ ላይ ስለ ዘነበ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ሚካኤል ከዋለ ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። የበዓሉ ቀን በአትባራ አሸዋ ላይ በውኃ ተጽፎ ሲታይ እንዲህ ነው። ታዲያ ይህ በዓል ጋላባት ላይ ትርጉሙን ያጣል የሚል ሰው የትኛውን ወንዝ አይቶ ነው?

ከሰላ ደግሞ የራሷ ወንዝ አላት። ጋሽ መረብ ተብሎ ከኤርትራ ደጋ ተነስቶ፣ የኢትዮጵያን ድንበር ታክኮ፣ የከሰላን ተራራ ሥር ይዞ ከተማዋን ያቋርጣል፤ ከዚያ ባሕር ሳይደርስ ሜዳው ላይ ይቀራል። ሌላውን ጊዜ ደርቆ ይቆይና የሚፈሰው በክረምት ነው። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ጋሽ ሞልቶ ከሰላን ባጥለቀለቀ ጊዜ የከተማው ሰው በደጋው ክረምት መግባቱን ከማንም የቀን መቁጠሪያ ሳይማር አወቀ።

አየሩ አይመሳሰልም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈርሳል። የጎንደር ብርድና የገዳሪፍ ሙቀት ልዩነት የከፍታ ልዩነት ነው፤ ዝናቡን የሚያመጣው ግን ያው ወደ ሰሜን የሚወጣው እርጥብ ነፋስ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያዘንባል፣ ከዚያ ይመለሳል። በመማሪያ መጽሐፍ ዓረብኛ ኸሪፍ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። በሱዳን ግን ኸሪፍ ክረምት ነው፤ ገዳሪፍ ላይ በሐምሌ ኸሪፍ ገባ ይባላል። ሕዝቡ ከሌላ ምድር የመጣውን ስም ተቀብሎ የራሱን ዝናብ አለበሰው። የኢትዮጵያ ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብለው ዝማሬውንና ንባቡን ስለ ደመና፣ ስለ ዘርና ስለ ወንዝ አደረጉት፤ የእስክንድርያ ዓመት በደጋው ዝናብ ተጠመቀ። ሁለቱ ጎረቤቶች ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ አንድ ሥራ ሠርተዋል። ይልቅ ለምድሩ እንግዳ የሆነው አራቱን ወቅቶች ከአውሮፓ አራት ወቅቶች ጋር አንድ ለአንድ ገጥሞ የሚያስተምረው ገበታ ነው፤ ያ ገበታ ለሁመራም ለገዳሪፍም ገበሬ የሚነግረው ነገር የለውም።

እርሻው ራሱ ይመሰክራል። ገዳሪፍ ላይ በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ የዝናብ እርሻ በ1940ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ በመተማና በሁመራም በሐምሌ ነው። ከጎንደርና ከጎጃም ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ሲያልፍ ወቅት አይለውጥም። ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት በአል ፋሽቃ መሬት ላይ የሚነሳው ጠብ እንኳ ሲበረታ የሚታየው ዘር በሚወድቅበትና ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። የሚጣላውም የሚታረቀውም ሰው በአንድ ዝናብ ይቆጥራል።

የቀረው የሃይማኖቱ ነጥብ ነው፤ ጠንካራ የሚመስለውም እርሱ ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየሸሸ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ረቢዕ የጸደይ፣ ረመዳን የሚያቃጥል ሙቀት ስም ይዘው ሳለ ከወቅታቸው ጋር መኖር ያቆሙት ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ሙስሊሙ ገበሬ የፀሐይ ዓመት የለውም ማለት ነው? ማሽላ በረመዳን ይዘራ ቢባል በአሥር ዓመት ውስጥ አገሩ ይራባል። የምሥራቅ ሱዳን ገበሬ ስለዚህ በጨረቃ ይጾማል፣ በኮከብ ይዘራል። ዓመቱን 28 የኮከብ ማረፊያዎች ላይ ያከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ «ዓይና» 13 ቀን ይይዛል፣ ጀብሀ ብቻ 14፤ ሲደመር 365 ነው። የዝናቡ ዓይናዎች ዲራዕ፣ ነትራ፣ ጠርፋ፣ ጀብሀ እያሉ ከሐምሌ ጀምረው ይከተላሉ፤ ሽማግሌው የትኛው ዓይና እርጥብ፣ የትኛው ደረቅ እንደሆነ ያውቃል። በጎጃም ሽማግሌው ያንኑ ዕውቀት በበዓላት ላይ አኑሮታል፤ ሰኔ ሚካኤል፣ ሐምሌ ሥላሴ፣ ከዚያ ቡሄ፤ ነሐሴ 13 ካለፈ ክረምት የለም ይላል። አንዱ ኮከብ፣ ሌላው ታቦት ጠርቷል፤ የሚጠብቁት ግን አንድ ደመና ነው።

በኢትዮጵያ ውስጥም የወሎ፣ የመተማና የጅማ ሙስሊም ገበሬ እንዲሁ በሁለት አቆጣጠር ይኖራል። ለአረፋና ለመውሊድ ጨረቃን ያያል፣ ለእርሻው ሐምሌና ነሐሴን ይቆጥራል። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የመንግሥት በዓላት ሆነው በየዓመቱ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይታተማሉ። አቆጣጠሩ የክርስቲያን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ድንበሩ ላይ ያቆማል የሚል ሰው ድንበሩን ከመድረሱ በፊት በገዛ አገሩ ስንቱን ዜጋ ከመስከረም እያስወጣ እንደሆነ ያስብ። በአሥረኛው መቶ ዓመት የባግዳዱ አል መስዑዲ በግብፅ፣ በፉስጣጥ ያየው ጥምቀት ለዚህ ጥሩ መልስ ነው፤ በዚያች ሌሊት ዓባይ ዳር ችቦ አብርተው የወጡት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች አብረው ነበር ሲል ጽፏል።

ብቸኝነቱን የሚወዱ ሰዎች አንድ የመጨረሻ መከራከሪያ ያነሳሉ፤ ይህ ሁሉ ዝምድና ቢቆጠር የኢትዮጵያ ድርሻ ይደበዝዛል ይላሉ። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ብቻችንን ነን የሚል አቆጣጠር ማስረጃው አለመታየቱ ብቻ ይሆናል። የዓባይን ሙላት የሚያህል ጉዳይ የሚቆጥር፣ ከእስክንድርያ ሊቅ፣ ከኖባ ድንጋይ፣ ከዓረብኛ መጽሐፍና ከአትባራ ጎርፍ ጋር የሚመሳከር አቆጣጠር ግን ማንም ሊያናንቀው አይችልም። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1875 ከቢሮዋ ያስወጣችውን፣ ኖባ ከዙፋኗ ጋር ያጣችውን ዓመት ኢትዮጵያ በሥራ ላይ አቆይታዋለች። ጎረቤቶቹ ካልታወቁ ይህ ጥበቃ ምን እንደነበረ እንኳ አይታወቅም፤ ከምን የተረፈ፣ የማን አደራ እንደሆነ ሳይነገር የሚወደስ ነገር ይሆናል።

ጉዳቱ ደግሞ በሰው ላይ ይወርዳል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጦርነትና በረሃብ የተሰደዱ ሰዎች በገዳሪፍና በከሰላ ዙሪያ በብዙ መጠለያዎች ኖረዋል። ከእነዚህ አንዷ ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የተሞላች ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፍታለች። በእነዚህ ቦታዎች ጾሙ ተጾሟል፣ ገናና ፋሲካ ተከብሯል፣ በመስከረም እንኳን አደረሳችሁ ተባብለዋል። ይህን እንደ ናፍቆት ብቻ ማየት ሰውየውን ሁለት ጊዜ ማሰደድ ነው፤ አንዴ ከቤቱ፣ ሁለተኛ ከቀኑ። ስደተኛው የቆመበት መሬት ግን ቀኑን ያውቀዋል፤ ድንኳኑን የሚመታው ዝናብ የመንደሩ ዝናብ ነው፣ በአጠገቡ የሚወርደው ጎርፍ ከአገሩ አፈር ይዞ ወርዷል። የኸሽም አል ጊርባ ግድብ በደለል የተሞላው ከየት በመጣ አፈር ሆነና!

የሱዳን ጦርነት የፈነዳበት ቀን ይህን ሁሉ በአንድ ላይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በኢትዮጵያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ቀዳም ሥዑር፣ የፋሲካ ዋዜማ። በሂጅራ ረመዳን 24 ነበር። ካርቱም ላይ ጥይት ሲተኮስ የቅብጥ ቤተሰብም፣ የሐበሻ ቤተሰብም፣ ሙስሊሙ ጎረቤታቸውም እየጾሙ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ለዚያው ሌሊት፣ ሌሎቹ ለሳምንቱ ዒድ። ከዚያ መንገዱ ተገለበጠ። በገዳሪፍ አልፈው በጋላባት በኩል መተማ የገቡት ሱዳናውያን ስደተኞች ሆኑ፤ ኩመር በተባለ ቦታ መጠለያ ተተከለላቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ ክረምት ገባ። እነርሱ ኸሪፍ አሉት።

መስከረም 1 ቀን ዘመን የሚለወጠው ደጋው ስላጠራቀመውና ከተከዜ፣ ከጓንግና ከአንገረብ ወደ አትባራ ስላወረደው ውኃ ነው። ያ ውኃ ከሚያልፍበት ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው፣ የጎንደርም ይሁን የአዲስ ሐልፋ፣ የባሕረ ሐሳቡ ባለቤትም ይሁን ዓይና ቆጣሪው፣ በዚህ ዓመት ውስጥ ባለድርሻ ነው። እንቁጣጣሽ በገዳሪፍ የእንግዳ በዓል አይደለም፤ በገዛ ወንዙ ዳር የሚከበር በዓል ነው፤ የመማሪያ መጽሐፎቹም «የኢትዮጵያ ብቻ» የሚለውን ሰርዘው ከመስከረም አጠገብ ቱትን፣ ከክረምት አጠገብ ኸሪፍን ሊጽፉ ይገባቸዋል።